የኖኅ ሚስት በሲልቨር ስፕሪንግ

የሻሽወርቅን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚያውቃት ሁሉ ዝምተኛ ይላታል። ቀን የፓርኪንግ ካሸር ናት፤ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። ባሏ በፈቃዱ የጭነት መኪና ይነዳል። «በዚህ ዕድሜ ክላስ ምን ያደርግልሻል?» ከማለት በቀር ስለ ትምህርቷ ጠይቋት አያውቅም። እኔ ጓደኛዋ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ገና ድሮ መጽሐፉን ራሱ ላይ እወረውርበት ነበር።

ለመመረቅ የቀራት የእንግሊዝ ታሪክ ብቻ ነበር። የኮርሱ ማጠቃለያ ፈተና ደግሞ ቴያትር ሆነ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ባለሙያው በየማኅበሩ ተደራጅቶ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ጋሪ ላይ እየተጫወተ በየመንገዱ ይዞር ነበር አሉ። የኖኅን ታሪክ መርከብ ሠሪዎች ይይዛሉ። የኖኅ ሚስት መርከቡ ውስጥ አልገባም ብላ ባሏን በጥፊ ስታጮለው ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል። ለየሻሽወርቅ የደረሰቻት ይህች ሚስት ናት። በልምምዱ ሁሉ ድምጿ አልወጣ ስላለ መምህሯ እንዲህ ከሆነማ አታልፊም ብላታለች።

ጋሪ ስለጠፋ የበፈቃዱ መኪና ተለመነ። በዕለቱ ደግሞ ኖኅ የሚሆነው ተማሪ ታሞ ቀረ፤ የኖኅ ጢም ለበፈቃዱ ተለጠፈለትና ወረቀት እያየ እንዲያነብ ተደረገ። ፊት ወንበር ላይ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ የመጡት ጋሽ ኃይለልዑል ተቀምጠዋል። ሁለቱን ያጋቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም።

በፈቃዱ ሚስቱን ወደ መርከቡ ግቢ የሚለውን በእንግሊዝኛ አነበበ። አልገባም አለች። ደግሞ አነበበ። ያኔ በጥፊ አጠናገረችው።

ጋሽ ኃይለልዑል ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «በመድኃኔዓለም፣ ተረጋጉ» እያሉ መኪናው ላይ ወጡና መሀላቸው ገቡ። እንደ ወጉም መጀመሪያ የሚስትን አቤቱታ ጠየቁ። መምህሯ ቁጭ ብላ እያየች ነው፤ የሻሽወርቅ ቴያትሩን ካቋረጠች ወደቀች። ስለዚህ መለሰች፣ በአማርኛ፣ እስከ መንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስማር አንድ ቀን እንኳ ምን ተማርሽ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ጎርፍ ሲመጣ ነው ግቢ የሚለኝ?»

ሽማግሌው ኖኅ ይቅርታ ይጠይቅ ብለው ፈረዱ። በፈቃዱ ጢሙ በአንድ ወገን እንደተንጠለጠለ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሷም ገባች። ፈረንጆቹ አንድ ቃል ሳይገባቸው በሳቅ ሞቱ። መምህሯ ድምጿን ሰምታለችና አሳለፈቻት።

ሲወርዱ ጋሽ ኃይለልዑልን ደግፌ፣ ቴያትር መሆኑን ሳያውቁ ነው ወይ የወጡት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቴያትር መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ጥፊው ግን የቴያትር አልነበረም።»