ያለ ምልክት ያረፈ ጥፊ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያ የቴአትሩ ጥፊ የእውነት ነው የውሸት?» አሰላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ይጠይቁኛል፣ ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል። አንዴማ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሟች እህት ራሷ እንባዋን እየጠረገች ጠይቃኛለች። ለብዙ ዓመት «የውሸት ነው» እያልኩ ኖርኩ። መጀመሪያ ላይ እውነቴን ነበር። በኋላ ግን ዋሸሁ፤ ደግሞ እንዴት አድርጌ! መድረክ ላይ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ ተውኜ አላውቅም።

ያደግኩት እዚሁ አሰላ፣ ከጴንጤ ቤተሰብ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር። መጀመሪያ መድረክ የወጣሁት በቤተ ክርስቲያናችን የገና ድራማ ላይ፣ ሄሮድስ ካስገደላቸው ሕፃናት የአንዱ እናት ሆኜ ነው። እንዴት እንደጮህኩ! ኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደንግጠው ወደ በር ሮጡ። ሄሮድስን የተጫወተው ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ «አንቺ እኮ ጉድ ነሽ» አለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አገባኝ። ሄሮድስን አገባሁ እያልኩ ጓደኞቼን ሳስቅ ነበር።

ሁለታችንንም ድብደባ ያስተማረን አንድ ኮሪያዊ ተዋናይ ነው። ስሙን አስተካክለን መጥራት ስላልቻልን እኛ ቤት «ሰውዬው» ነበር የሚባለው። በቴሌቪዥን፣ በትርጉም ድራማ በአማርኛ እየተናገረ ነው ያወቅነው። ባሌ ታሪኩን አንድ በአንድ አጥንቷል። ሰውዬው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ተዋናይ እሆናለሁ ሲል አባቱ በመረብ ገመድ ገርፎ ከቤት አባረረው። ከዚያ ምድር ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ቴአትር ቤት ገባ፤ ወለል እየጠረገ፣ መድረክ ላይ እየሞተ ዓመታት ኖረ። የምሬን ነው፣ ሥራው መሞት ነበር። ይወጋል፣ ይታነቃል፣ ከደረጃ ይወረወራል። ወደ ፊልም ሲገባም ዱርዬ ሆኖ ነው፤ ያውም መጀመሪያ የሚደበደበው ዱርዬ። ሽበት ካወጣ በኋላ ነው አንድ አዘጋጅ ፊቱን ቀረብ አድርጎ ያሳየው፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም አወቀው።

አንድ ቀን ባሌ ሰውዬው ወጣት ተዋንያንን ሲያሠለጥን የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ አገኘ። ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እሱ ያነብልኛል፣ እኔ እጁን አያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መቺው እጁን ከጉንጭ አንድ ጣት አርቆ ያሳልፋል እንጂ አይነካም። ጧ! የሚለውን ድምፅ የሚያወጣው ተመቺው ራሱ ነው፤ ተመልካች በማያየው እጁ የገዛ ጭኑን ይመታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተመቺው ዓይኑን አንድ ጊዜ ጨፍኖ ምልክት ሳይሰጥ መቺው እጁን አያነሣም። ያ ምልክት ካልመጣ ሰማይ ቢደረመስም እጅ አይነሣም። «የትግሉ ጌታ የሚመታው ነው» ብሎ ተረጎመልኝ ባሌ። ያኔ እንዴት እንደወደድኩት!

ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተን በአንዲቷ ክፍላችን መለማመድ ጀመርን። ጧ! ጧ! ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ጮህኩ። በሁለተኛው ቀን በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። አከራያችን ነበሩ። እሳቸው የአርሲ ሴት፣ ባልቴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ሲንቄያቸውን ይዘው ነው የገቡት። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። አንዲት ሴት እሷን ይዛ መሀል ከገባች ጠብ ይቆማል። ባል ሚስቱን ከበደለ ሲንቄዋን አንሥታ እየጮኸች ትወጣለች፤ የሰሙ ሴቶች የያዙትን ጥለው ይከተሏታል፣ እርቅ ሳይወርድ ወደ ቤት የሚመለስ የለም።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ድራማ ነው እማማ! ድራማ ነው እኮ!» አልኩ እኔ፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። አስቀምጠን አሳየናቸው፤ እጁ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ጭኔን እንዴት እንደምመታ። እሳቸውም ጭናቸውን ጧ! አድርገው «ወይ የሰው ተንኮል!» እያሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ ሲሰሙ መምጣት ተዉ። በገዛ እጄ በሩን የዘጋሁት ያን ቀን ነው።

ባሌ ከዚያው ነገር ተነሥቶ ለትንሿ የቴአትር ቡድናችን ቴአትር ጻፈ። ባል ሚስቱን ይደበድባል፤ በመጨረሻ ሚስቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፣ ሴቶች ይከተሏታል። ሲንቄውን ከመጥረጊያ እንጨት ሠራነው። የሚከተሉኝ ሴቶች ግን አልነበሩንም፤ በቡድናችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ብቻዬን እወጣለሁ፣ መጋረጃው ይዘጋል። ለዓመታት እንዲሁ ስንሠራ አንዲት ጣት አልነካችኝም።

ነገር የተበላሸው ባሌ አዲስ አበባ ለፊልም ተፈትኖ ሲመለስ ነው። በመጣ በአራተኛው ቀን ምሳ እየበላን «እጅህ አያሳምንም አሉኝ» አለ። «ዱላህ የመድረክ መሆኑ ያስታውቃል አሉኝ።» እኔ ሞኟ «ተዋቸው፣ ምን ያውቃሉ!» ብዬ አጽናናሁት።

በሳምንቱ ቴአትሩን ልናሳይ ሁሩታ ከተማ ሄድን። ምልክቱን ሰጠሁ፣ ጨፈንኩ፤ ዓይኔን ስገልጥ ወለል ላይ ነኝ። ጆሮዬ ይጮኻል፣ ምላሴን ነክሼው አፌ ደም ሞልቷል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከመጋረጃ ጀርባ ላብ በላብ ሆኖ ሁለት እጄን ያዘኝ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «አየሽ? አመኑ! ሕዝቡ አመነ!» አለኝ።

ቀጥሎ ኦጎልቾ ከተማ ስንሠራ የመንጋጋ ጥርሴን አወለቀው፤ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ በሶፍት ጠቅልዬ ያዝኩት። «ሰውዬውም እኮ ለዚህ ሥራ የጎን አጥንቱ ተሰብሯል» አለኝ። «የራሱ ነው የተሰበረው፤ የሰው አልሰበረም» አልኩት። ለዚህ መልሴ ቤት ስንገባ ደገመኝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ተመልካች የለም፣ ምልክት የለም። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ቡጢ። በር ሲያንኳኳ ዘገየሁ፣ እርግጫ። ፀጉሬን እጁ ላይ ጠምጥሞ ከግድግዳ ጋር ያላትመኛል። ያን የመጥረጊያ እንጨት፣ ሲንቄ ያልነውን፣ ጀርባዬ ላይ ሰበረው። እማማ ከግድግዳው ማዶ ናቸው። ጧ ሲል ይሰማሉ፤ ጧ የሚለው ጭኔ እንደሆነ ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን። አንድ ማለዳ ውሃ ስቀዳ «ትናንት በደንብ ተለማመዳችሁ!» ብለው ሳቁልኝ። «አዎ እማማ» አልኩ። ገበያ ላይ አንዲት ሴት የጠቆረውን ዓይኔን አይታ «ውይ፣ ሜካፑ ሲያምር!» ብላ ልትነካው ጣቷን ሰደደች። እኔም ፈገግ አልኩላት።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። ገመና ነዋ! ሆድ ይፍጀው ተብለን አይደል ያደግነው? ደግሞስ ለማን? ሥራዋ መመታት የሆነች ሴት ተመታሁ ብትል ማን ያምናታል? እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ደግሞ፣ መድረኩን እንዳላጣ ፈራሁ። እሱን ጠልቼዋለሁ፤ ጎኔ ተኝቶ ሲያንኮራፋ እያየሁት ጠልቼዋለሁ። መድረኩ ግን የኔም ነበር።

በቆጂ የሠራነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የእማማ እህት እዚያ ናቸው፤ የቤተሰብ እርቅ ስለነበረ እማማ ሲንቄያቸውን ይዘው አብረውን በሚኒባስ መጡ። «እስቲ ያን ጨዋታችሁን ልየው» ብለው ከእህታቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ከአዲስ አበባ ባሌ የጠራው የፊልም ሰው አለ። ልብሴን ስቀይር ባሌ ጆሮዬ ሥር መጣና «ዛሬ ምልክት ምናምን የለም፤ እኔ ነኝ የምወስነው» አለኝ። በጓሮ በር ልውጣ ብዬ ነበር። የሞላው አዳራሽ ሲያጉረመርም ስሰማ ግን እግሬ ወደ መድረክ ወሰደኝ፤ ሱስ ነው ይሄ ሥራ።

ትዕይንቱ ሲደርስ ቀና ብዬ አየሁት፤ አልጨፈንኩም። ዓይንን ገልጦ ማፍጠጥ «አይሆንም» ማለት ነው፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። መታኝ። በቡጢ፣ ቅንድቤ ላይ። ቆዳዬ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ፣ ትኩስ ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወደቅሁ። በጫማው ጎኔን ረገጠኝ፣ ደገመ፤ ትንፋሼ ወጥቶ ቀረ። ሁለት እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ ተጠቀለልኩ። በአንገት ልብሴ ጎትቶ አነሣኝና በጥፊ፤ ጧ! ደግሞ ጧ! አዳራሹ ያጨበጭባል፣ አንዱ ያፏጫል። በጣቶቼ መሀል የፊልሙን ሰው አየሁት፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ዛሬ ይገድለኛል፣ እነሱም ያጨበጭባሉ አልኩ በልቤ።

እማማ ተነሡ። የሚያዩት ፊቴን አይደለም፣ እጆቼን ነው። ሁለቱም እጆቼ ፊቴ ላይ ናቸው፤ ጭኔን የመታ የለም፤ ጧ የሚለው ግን ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ተመልካች የድምፁን ምስጢር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀስ ብለው ደረጃዋን ወጡ፣ ሲንቄያቸውን በሁለታችን መሀል ዘረጉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እማማ፣ ቴአትር ነው!» ይላል አንዱ። «ኧረ አውርዷቸው!» ይላል ሌላው። ባሌም እያለከለከ፣ ጣቱ ላይ ደሜ እያለ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሳቀ። «ድራማ ነው እማማ! ድራማ ነው እኮ!» አለ። ቃሉ የኔ ነበር፤ አባባሉ ሳይቀር የኔ።

እሳቸው ዘወር ብለውም አላዩት። ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ጨዋታ ነው?» አሉኝ።

አዎ ብል ይጨበጨባል፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ የፊልሙ ሰው የባሌን እጅ ይጨብጣል፣ እኔም ጎበዝ ተዋናይት እባላለሁ። አይደለም ብል ያ ሁሉ ዓመት የዋሸሁት በቆጂ ሕዝብ ፊት ይዘረገፋል፤ ትዳሬም መድረኬም አበቃ። አፌ ውስጥ የሞላውን ደም ተፋሁ።

«አይደለም» አልኩ። ሳቁ ዋጠው። «አይደለም እማማ! የእውነት ነው! እቤትም የእውነት ነው!»

እማማ ሲንቄያቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጮኹ። ያን ጩኸት እኔ ስንት መድረክ ላይ እንደጮህኩት! ለካ አላውቀውም ነበር። እህታቸው ተቀበሏቸው። ከኋላ አንዲት ተነሣች፣ ከግራ ሁለት፤ የገበያ ዘንቢላቸውን እዚያው ጥለው፣ በወንበሮች ላይ እየተረማመዱ መጡ። ከበቡኝ። አንዷ ነጠላዋን ቀድዳ ቅንድቤን አሰረች። ባሌ ሊገፋ ሲሞክር የገዛ መጋረጃ ጎታቻችን እጁን ያዘው፤ ሲንቄ ተነሥቶ አይታለፍም። እዚያው ተንበረከከ። ያ ቴአትር እንደተጻፈው ያለቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌ ተጠራ፣ በግ ታረደ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታውን ተቀበልኩ፣ ወደሱ ግን አልተመለስኩም። የመጡት ሽማግሌዎች ደጋግመው ቢለምኑኝ እማማ «በቃ ብላለች» ብለው ዘጉት። እሱ አዲስ አበባ ገባ አሉ። እኔ እዚያችው ክፍል አለሁ፤ ቅንድቤ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሲበርድ ያመኛል። አሁን ሴቶች ልጆችን ቴአትር አስተምራለሁ። ከቃለ ተውኔት በፊት የማስተምራቸው ምልክቱን ነው፤ እማማም አብረው ተምረውታል።

ሰውዬው አርጅቷል። በቅርቡ አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ አባት ሆኖ መጣ፤ ከእማማ ጋር እያየን ነበር። ተቆጣ፣ ጮኸ፣ ልጁን በጥፊ ሊመታት እጁን አነሣ። እኔም እማማም እጁን አላየንም። ልጅቷን ነው ያየነው። አንድ ጊዜ ጨፈነች።

«ምልክቱን ሰጠችው» አሉ እማማ።

ያኔ ነው የተነፈስኩት።