የሽኩር ሀላል ጨብሲ

ሽኩር ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሻንጣ ይሸጣል። ደንበኛ ሲገባ ከዋጋው በፊት ቀልዱን ያስቀድማል። «ይቺን ሻንጣ ያዢ እንጂ ቪዛው ራሱ ፈልጎሽ ይመጣል» ሲል ያልሳቀ ሰው አላውቅም። ወገቡ ግን አብሮት አይስቅም። በወጣትነቱ መርካቶ የልብስ ቦንዳ ሲሸከም ነው የኖረው። ሐኪም «ዲስክ ነው» ብሎ ትራማዶል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ አዘዘለት፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ጥቂቱ ጊዜ አለፈና ሽኩር ክኒኑን ቀጠለ። የሚገዛበት መድኃኒት ቤትም ማዘዣ መጠየቁን ትቶታል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይቅማል። ጫት የቃመ ሰው ምርቃናው ካልተሰበረ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስለዚህ ጠጪው በቢራ ወይም በአረቄ ይሰብረዋል፤ ጨብሲ የሚባለው ይኼ ነው። ሽኩር ሙስሊም ነው፣ መጠጥ አይነካም። ሲገላበጥ እያደረ ቢቸግረው፣ የጎን ጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኙ አባይነህ ከሟች እናቱ የተረፈ የእንቅልፍ ክኒን አመጣለት። «መድኃኒት አይጣልም፣ ግፍ ነው» አለው። ሽኩር ዋጠው፣ ተኛ፤ በማግስቱ «ሀላል ጨብሲ አገኘሁ» ብሎ ስም አወጣለት። ሰፈሩ በስሙ ሳቀ። ክኒኑ ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የቀረውን ያጫወተችኝ ሚስቱ ሀኒፋ ናት።

አንድ ቅዳሜ ዕቃ ሲያወርድ ወገቡ ያዘው። ትራማዶሉን ደርቦ ዋጠ፤ እየቃመ ሌላ ጨመረ፤ ሲመሽ ጨብሲውን አስከተለና ከሱቁ ጀርባ ፍራሽ ላይ ጋደም አለ። ሀኒፋ ሱቁን ለመዝጋት ስትመጣ ማንኮራፋቱ እስከ ባንኮኒው ይሰማል።

አባይነህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ተይው፣ ይተኛ። እንቅልፍ ካጣ ስንት ጊዜው ነው። ሲያንኮራፋ አትሰሚም?»

«እሱ'ኮ አያንኮራፋም፣ ጋሼ አባይነህ» አለች ሀኒፋ። «አብሬው የማድረው እኔ ነኝ።»

ጠጋ ብላ አዳመጠች። አንዴ ያንኮራፋና ዝም ይላል። ዝምታው ይረዝማል። ከዚያ እንደሚታነቅ ሰው አየር ይስባል፣ መልሶ ዝም። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጉንጩን መታችው፤ ዓይኑን ከፈት አደረገና መልሶ ጨፈነ።

ከሱቁ ጎን ሻይ የምትሸጠው የሺዓለም ጫጫታውን ሰምታ ወተት በብርጭቆ ይዛ ደረሰች። «የዋጠውን ወተት ያረክሰዋል፣ አጠጪው።»

«ምራቁን የማይውጥ ሰው እንዴት ወተት ይውጣል፣ እትዬ? ያንቀዋል'ኮ።» ሀኒፋ በጎኑ አስተኛችው። አባይነህ ታክሲ አስቁሞ ተሸክመው አስገቡት። መንገዱን ሙሉ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ዝም ባለ ቁጥር እየነቀነቀች «ሽኩሬ፣ ተንፍስ» ትለው ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻቸው ዶክተር ፀደንያ ኦክስጅን እያስደረገች ጠየቀች፤ «ምን ወሰደ?»

«ትራማዶል። ለወገቡ።»

«ሌላስ?»

«ጫት ቅሟል።»

«ሌላስ?»

ሀኒፋ አመነታች። «ሀላል ጨብሲ።»

«እሱ ምንድን ነው?»

«እንጃ። ክኒን ነው። እንዲህ ነው የሚሉት።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «እኔ ዘንድ በዚህ ስም የሚታወቅ መድኃኒት የለም። የሚያውቅ ሰው ካለ አሁን ይንገረኝ።»

ሀኒፋ ወደ አባይነህ ዞረች። አባይነህ ወለሉን ያያል። ሰውየው ቢሞት ፖሊስ ማንን እንደሚጠይቅ ያሰላ እንደነበር ኋላ ራሱ ነግሯታል። ከአልጋው በኩል ያ የታነቀ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ።

«ዳያዜፓም ነው» አለ አባይነህ። «የእናቴ ነበር። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ዶክተሯ አልተቆጣችውም፤ ጊዜም አልነበራት። ጭንብሉን ፊቱ ላይ አጥብቃ በእጅ መንፊያ አየር ትገፋለት ጀመር፤ ነርሷን መርፌ አዘዘቻት። ትንፋሹ ሲመለስ ነው ያስረዳቻቸው፤ «ትራማዶሉም ዳያዜፓሙም፣ ልክ እንደ መጠጥ፣ ትንፋሽ ያደክማሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ያቆሙታል። ጫቱ አንቅቶ ሲይዘው አልታወቃችሁም፤ ጫቱ ሲለቀው ሁለቱ ተደርበው ወደቁበት። የሰማችሁት ማንኮራፋት አልነበረም፣ አየር አጥቶ ሲታገል ነው። ትንሽ ብትቆዩ አትደርሱለትም ነበር።»

ሽኩር ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ «ማነው የቀሰቀሰኝ?» የሚል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ሀኒፋ። «ደግሜም እቀሰቅስሃለሁ።»

ቀልድ አልነበረም። መርፌው ትራማዶሉን ቢገፋው እንጂ ዳያዜፓሙን አይነካውም፤ የመርፌው ጉልበት ሲያልቅም ሰውየው ተመልሶ ሊሰጥም ይችላል ተብለዋል። ስለዚህ ዓይኗን ከደረቱ ሳታነሳ አባይነህን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ያ ክኒን ለሌላ ሰው ደርሷል?»

«የሺዓለምም እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስትል... ትንሽ ሰጥቻታለሁ።»

ሀኒፋ ስልኳን አወጣች። የሺዓለም ገና ሳትጠየቅ «እንዴት ሆነ?» አለች።

«ነቅቷል። እትዬ፣ ጋሼ አባይነህ የሰጡዎትን የእንቅልፍ ክኒን እንዳይነኩት።»

«እኔ'ኮ ግማሹን ብቻ ነው፣ ልጄ። አረቄዬን ቀመስ አድርጌ ስተኛ፣ ግማሹን።»

«ግማሹንም» አለች ሀኒፋ።