ላንድሮቨሯና ላንድክሩዘሩ በወገዳ መንገድ

ከላንድሮቨሯና ከላንድክሩዘሩ የቱ ይሻል ነበር? ሁለቱንም ለዓመታት ፈትቼ ገጥሜያቸዋለሁ፤ መልሱን ግን ዛሬም አላውቅም።

ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ፣ በማታው ክፍል ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ በነበረ የአንድ ድርጅት ጋራዥ ረዳት መካኒክ ሆኜ የገባሁ ዕለት ሹፌሩ ደሳለኝ ቀሚሴን አይቶ «ጠበል አምጡ፣ ጋራዡ ይረጭ!» አለ። አንጋፋው ሹፌር አያ ተገኘ የላንድሮቨሯን ኮፈን ከፍተው «ነይ እታለም፣ እሱ አፉ እንጂ እጁ አይሠራም» አሉኝ። ሥራ የጀመርሁት በእሷ ነው።

ላንድሮቨሯ የናፍታ ናት፤ አራት ሲሊንደር። ቦዲዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አያውቃትም። ጉልበቷ ትንሽ፣ ነዳጅ ላይ ግን ቆጣቢ። ላንድክሩዘሩ የቤንዚን፣ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ዳገት አይፈራም፣ ቤንዚን ግን ይጠጣል። ሁለቱም በባሌስትራ፣ በተደራረበ ደረቅ ብረት፣ የቆሙ ናቸውና ወገዳ ከተማ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው።

ክረምት ሊገባ ሲል ኃላፊው ጠራኝ። «ሁለት አሮጌ መኪና መያዝ አንችልም። እኩል ጭነት አስጭነሽ ወገዳ ድረስ ፈትኛቸው። በነዳጅ ቆጥባ፣ ሳታስቸግር የደረሰችው ትቆያለች። የተሸነፈችው ከነሹፌሯ ትሰናበታለች።»

መጀመሪያ ደሳለኝ የሚነዳው ላንድክሩዘር ሄደ። ያለ ችግር ደርሶ ተመለሰ። የጎደለውን ቤንዚን ስለካ ደሳለኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«አለቀልኝ» አለ። «ሚስቴ አራስ ናት። ቤቱ የቆመው በእኔ ደመወዝ ነው።»

አያ ተገኘ ጎማ ይፈትሹ ነበር። ቀና አላሉም።

በማግሥቱ ከእሳቸው ጋር በላንድሮቨሯ ወጣን። ሜዳው ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮሁ ነዱ። እንዲህ የተነዳ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ይግላል።

«አያ፣ ሦስተኛ አይገባም?»

«ይገባል» አሉ። አልቀየሩም።

ዳገቱን ሳንጨርስ ራዲያተሩ ፈላ። እስኪበርድ ቆመን ሳለ «አርጅታለች በይ» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔማ ልጆቼን ድሬያለሁ፤ መሬትም አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ለኃላፊው የለካሁትን ተናገርሁ፤ የሰማሁትን አልተናገርሁም።

ላንድሮቨሯ ተሸጠች፤ ቦዲዋ ቀልጦ ድስት ሆነ አሉ። አያ ተገኘ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ወዳለው እርሻቸው ገቡ። በመሪ የኖረ ወገብ ለሞፈር አልሆነም፤ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡና እየከሱ ሄዱ። ወደ ጋራዡ ብቅ ባሉ ቁጥር ደሳለኝ «አያ፣ ሻዩ ፈላ ወይ?» ይላቸዋል። «ፈልቷል፣ ስኳር ነው የጠፋው» ብለው ይስቃሉ። እኔ መፍቻ እየወለወልሁ እሰማለሁ።

አያ ተገኘ የተቀበሩ ዕለት ከደሳለኝ ጋር በላንድክሩዘሩ ሄድን። ስንመለስ «ደግ ሰው ነበሩ፤ መኪናቸው ጉድ ሠራቻቸው እንጂ» አለ።

«ሦስተኛ ይገባ ነበር» አልሁት።

«ምን?»

«ሆን ብለው ነው በሁለተኛ የነዱት። አለቀልኝ ስትል ሰምተውሃል።»

መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ያን ሁሉ ስቀልድባቸው አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እንዳትነግሪ ብለውኝ።»

ቁልፉን አቀበለኝና ወርዶ ከኋላ ተቀመጠ። እስከ መካነ ኢየሱስ እኔ ነዳሁ።

ለጀማሪ መካኒኮች የምለው ይህን ነው፦ የሹፌር እንጀራ የተያዘበት የመንገድ ፈተና ስለ መኪናው አይመሰክርም።