ሩሯን የሰፋት ሰው

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጭነት መኪና ተሳፈርን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሾፌሩ እምቢ ያለውን ሞተር በማኒቬላ ሲያሽከረክር ቆየና አብሮኝ ያለውን እንግዳ አየት አድርጎ፣

«ፈረንጅ ይዤ እመጣለሁ ያልከኝ ይኼን ነው? የእኔን አጎት ይመስላል እኮ!» አለኝ።

እንግዳው ሚስተር ዌስሊ ይባላል። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ገናን መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ እንዲያከብር ጋብዤዋለሁ። አማርኛው ገና ጥሬ ነው፤ እሱ ግን አያፍርበትም።

ጣርማ በር ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲጠግን ሚስተር ዌስሊ ከከረጢቱ አንዲት ነጭ ኳስ አውጥቶ ወደ ሰማይ ይወረውር ጀመር። አባቱ ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ ተጫዋች ነበሩ። ኳስ ወርዋሪ ናቸው፤ የእሳቸውን ኳስ በዱላ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነበር አለኝ። ግን ትልቁ ውድድር የነጮች ብቻ ስለነበረ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጥቁሮች ጋር፣ በጥቁሮች ሜዳ ተጫወቱ። አንድ ቀን በሩ ተከፈተ፣ አንድ ጥቁር ገባ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ያን ጊዜ የአባትየው ክንድ አርጅቶ ነበር።

«የገቡትስ ከዚያ በኋላ ተከበሩ?» አልኩት።

«ከነጮቹ ጋር ይጫወታሉ። ማታ ሆቴሉ አያስገባቸውም።»

ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት አብሮት ከሮጠ፣ አብሮት ካላበው ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም ይላል? ሾፌሩ እንኳ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ኤዲያ! እነሱም ሥልጡን ነን ይላሉ!» አለ። እኔማ አፌ አላረፈም። በእኛ አገር በገና ቀን ጭሰኛ የባላባቱን ቅልጥም በዱላ ቢመታ እንኳ ሳቅ ነው፣ ማንም አይቆጣም፣ መጥተህ ታያለህ አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 28

ከጣርማ በር ወዲያ መንገዱ የእግርና የበቅሎ ነው። ያደርነው አንድ ገበሬ ቤት ሲሆን በሶ በጥብጠው፣ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረቡልን፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለበሱን። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋን ተጓዝን። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ቀጭን ጅረት፣ ደግሞ የድንጋይ ካብ። በጎቹ እኛን ለማየት እንኳ ቀና አይሉም።

አመሻሽ ላይ ዘመሮ ልንደርስ ስንል ከመንደሩ ተነጥሎ የቆመ ጎጆ በር ላይ አንድ ሰው ኳስ ሲመታ አገኘን። ሽፈራው ነው፤ ቆዳ ፋቂው። የገናውን ኳስ፣ ሩሯን፣ ከቆዳ የሚሰፋው እሱ ነው። ሰፍቶ ሲጨርስ በቆልማማው ዱላ እየመታ ይፈትሻታል። ሚስተር ዌስሊ ነጯን ኳስ በኃይል ወረወረለት። ሽፈራው ዱላውን ሲያወዛውዝ አየሁ እንጂ ኳሷን አላየኋትም። ከገደሉ አፋፍ ነው ያነሣናት።

«አባቴ!» አለ ሚስተር ዌስሊ እየሳቀ። «አባቴ አንተን ይፈራ ነበር!»

ሽፈራው ዱላውን እያሻሸ፣ «ሃያ ዓመት ሰፋሁላቸው። አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ላይ መትቻት አላውቅም» አለ።

«ነገ ትመታታለህ!» አልኩት። «አጎቴን እኔ አናግራቸዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አመነኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

ጾሙ ተፈታ፣ በጉ ታረደ፣ ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሜዳ ወጡ። የላዩ ሰፈር አለቃ አጎቴ ግራዝማች ደምሴ ናቸው። ሽፈራው ሩሯን አምጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጣትና ወደ ኋላ ራቀ። ከእጁ አይቀበሉትም። አጎቴ ጎንበስ ብለው ከሣሩ ላይ አነሷት። በልጅነቴ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ሲያየው አየሁ።

ከአጎቴ ወገን አንድ ሰው ቅልጥሙ ተሰብሮ ቀርቷል። አጎቴ ሚስተር ዌስሊን በአክብሮት እጅ ነስተው፣ «እንግዳችን ይግባልን» አሉ። ሚስተር ዌስሊ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሽፈራው አመለከተ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ነው፤ ሽፈራው ይግባ» አልኩ። «ከሁላችሁም አስበልጦ ይመታል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ተምረህ ጠፋህ እንዴ ልጄ?» አሉ አጎቴ። «ከፋቂ ጋር ትከሻ ለትከሻ ልጋፋ? በዓይኑ ቢበላኝስ?»

«ሩሯን የሰፋት እኮ እሱ ነው!»

«መስፋት ሌላ፣ መጫወት ሌላ።»

«ጭሰኛዎ ዛሬ ቅልጥምዎን ቢመታዎት ይስቁ የለም ወይ?»

«ጭሰኛዬማ የሰው ልጅ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ጮህኩ። ምን ያላልኩት አለ! ነውር ነው አልኩ፣ ክርስቲያን ነን ትላላችሁ አልኩ፣ ከአሜሪካ ነጮች በምን ትሻላላችሁ አልኩ። የባሕር ማዶውን ጥቁር ግባ ብለው የጎረቤታቸውን ጥቁር ውጣ ይላሉ! አጎቴ ልጅ እንደሚያባብል ሰው «እሺ፣ እሺ፣ አሁን ዞር በልልን» አሉኝና ሩሯን ወደ መሐል ወረወሯት። ስመለከት ሽፈራው ሄዷል።

ቅዳሜ፣ ጥር 1፣ ጣርማ በር

የጭነት መኪና እየጠበቅን ነው። ሚስተር ዌስሊ ከወዲያ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ብዙ አላወራንም። ለምን እንደሆነ ሳልጽፍ ይህን ማስታወሻ ለጋዜጣ ብልክ ውሸታም ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ሜዳውን ጥለን ወደ ሽፈራው ቤት ወረድን። መንገዱን ሁሉ አጎቴን ስረግም፣ መንዝን ስረግም፣ ይህን ጉድ አገር እንዲያነበው እጽፈዋለሁ ስል ነበር። ሽፈራው በር ላይ ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፤ የገና ዕለት ሥራ ይዟል። ሚስቱ እንግዳ በማግኘቷ ደንግጣ፣ ደስም ብሏት፣ ጠላ በዋንጫ ቀዳች። ሚስተር ዌስሊ ተቀብሎ አንድ ጊዜ ጨለጠውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ሁለተኛውን ዋንጫ ወደ እኔ ዘረጋች። እጄን ሰደድኩ። እጄ መንገድ ላይ ቆመ። እናቴ በልጅነቴ ከፋቂ ቤት የቀመሰ ሆዱ ይነፋል ስትል የነገረችኝ ሁሉ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጬ የረሳሁት የመሰለኝ ሁሉ፣ እጄ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

«ሆዴን አሞኛል» አልኩ።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ሚስተር ዌስሊ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ የሚያውቀውን ሰው ያገኘ ይመስላል። ከላይ ከሜዳው ሆታው ይሰማል። ሽፈራው ተነሣ፣ ዋንጫውን ከሚስቱ እጅ ወሰደና ራሱ ጠጣው። አፉን ጠረገ።

«ይሂዱ ጌታዬ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ጨዋታው አላለቀም። አጎትዎን አንድ ሰው ጎድሏቸዋል።»