እስከ መግሪብ የሚያዘልቅ እንክብል

ረመዳን ሊገባ ሲል ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ የቆቦውን መድኃኒት ቤት መስኮት በዱላቸው አንኳኩ። ደረታቸው ያፏጫል፤ ድምፃቸው ግን የተኛ ግመል ያስነሳል።

«ይህን የአስም እንክብል ጎህ ሳይቀድ ሱሁር ላይ ብውጠው እስከ መግሪብ ያዘልቀኛል?»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ያዘልቅዎታል፣ አባባ» አለች መድኃኒት አዳይዋ ጥሩወርቅ። «የውስጡ ፍሬዎች ሽፋናቸው ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚሟሟው። ብቻ እንዳያኝኩት።»

እንክብሉን ከፍተው ፍሬዎቹን መዳፋቸው ላይ ለሁለት ከፈሏቸው።

«ከልጄ ጋር እንዲህ ብንካፈለውስ? ደረቱ እንደኔው ነው።»

«ይዘውት ይምጡ፤ ሐኪም ይየው።»

ሽማግሌው መንገዱን ቃኘት አደረጉ። ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ የሚለቅምበት ሰሞን ነበር።

«እሱ ቀን አይወጣም» አሉ ፈርጠም ብለው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ።

ጥሩወርቅ ሁለተኛ ፓኬት ገፋ አደረገችላቸው።

«እሱም እንዳያኝከው ይንገሩልኝ።»