የተፋቀው ቀንድ

ያ ነገር ያስከፈለኝ አንዲት ላምና ሃያ ዓመት የኮራሁበትን ዓይኔን ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ የተማረ ሰው ገና ብርቅ ሳለ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሦስት ተማሪዎች አስከትሎ ወረታ ከብት ተራ መጣ። እኔ ከይፋግ ገዝቼ ወረታ የምሸጥ ነጋዴ ነበርሁ።

«ላም ስንቴ እንደወለደች ከቀንዷ ቀለበት ይቆጠራል ብዬ ከመጽሐፍ አስተምራለሁ» አለኝ። «ገበያ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ግን እርስዎ ያሳዩልኝ።»

ሰው ከቦናል። አንድ ቄስም አጠገቤ ቆመዋል፤ በሬያቸውን ሸጠው፣ እናት ለሌላቸው የልጅ ልጆቻቸው የምትታለብ ላም ከእኔ ሊገዙ ዋጋ ጨርሰዋል። ይህን ያህል ጆሮ ባለበት ዝም የሚል ነጋዴ የለም።

«የኔታ፣ መጽሐፉ አልዋሸም፤ ነጋዴ ነው የሚዋሽ» አልሁት። ወደ ተማሪዎቹ ዞርሁ። «የአሮጊቷን ቀንድ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቅና ቅቤ ይቀባዋል፤ አንዴ የወለደች ትመስላለች። አውራ ጣታችሁን ከሥሩ ወደ ላይ አስኪዱ። ጥፍራችሁን ከጫረ ተፍቋል።»

«ጋሼ፣ በዚችኛዋ ልሞክር?» አለ አንዱ፣ ቄሱ የተስማሙባትን ላም እያሳየ።

«ሞክር! ትናንት ራሴ መርጬ ያመጣኋት ናት።»

ጣቱን አስኬደ። ደገመው። «ጋሼ... ይጭራል።»

ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጣቴን አሳረፍሁ። ጥፍሬን ያዘው። «ቀንዷን ካየሁ ጥርሷን አልጠይቅም» እያልሁ የምፎክር ሰው አፏን ከፈትሁ፤ ጥርሷ እስከ ድዷ አልቋል። አብጠርጥሬ የማውቀውን ተንኮል በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ በረቴ አሳድሬዋለሁ!

«አንተ፣ እኔን ልታታልል ኖሯል?» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ በእግዜር፣ እኔም አላወቅሁም!»

«ካላወቅህማ ይብሳል» ብለው መቋሚያቸውን አንስተው ሄዱ።

መምህሩ ደብተሩን አጠፈ። «በየዓመቱ ቀለበት ቁጠሩ እያልሁ እፈትናለሁ» አለ በቀስታ። «አንድም ቀን ግን ቀንድ ነክቼ አላውቅም።»

እኔ ስነካ ኖሬ ምን አተረፍሁ?

ላሟ በግማሽ ዋጋ ለሥጋ ሄደች። ቄሱ ከሌላ ነጋዴ ገዙ። ሦስት ተማሪዎች ቀንድ መዳሰስ ያውቃሉ።