ለአንደኛቸው የተሰለፉት ኦቦ ቶለሳ

ዛሬ አምቦ ላይ ኦቦ ቶለሳ አስራ አንድ ለአንድ ተሸንፈው ሲወጡ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

የመምህራን የፒንግፖንግ ውድድር ነበር፤ እኛ ጊንጪዎች ከአምቦዎች። አምስት ጨዋታ ነው፤ ሦስት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

እስከ ዛሬ አንደኛችንን ለአንደኛቸው፣ ሁለተኛችንን ለሁለተኛቸው እያሰለፍን በየዓመቱ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። ሌላ አሰላለፍ እንደ ፍርሃት ይቆጠራል።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ "አሰላለፉን ለኔ ተዉልኝ" አልኩ። የአምቦን አንደኛ ማንም አይችለውም። ታዲያ ጎበዛችንን እዚያ ለምን እናባክናለን? ደካማችንን እንስጠውና አንደኛችን ሁለተኛቸውን፣ ሁለተኛችን ሦስተኛቸውን እያለ ይግጠም።

ችግሩ ደካማችን የባዮሎጂው ኦቦ ቶለሳ መሆናቸው ነው፤ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ። ትናንት ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው።

"ለመሸነፍ ነው የምትልከኝ?"

"አዎ፣ ኦቦ።"

"ቶሌ፣ እሺ። ግን አንድ ነጥብ ሳላገባ አልወጣም" አሉ።

አገቡ! ያቺን አንዷን ሲያገቡ እጃቸውን ዘርግተው ጠረጴዛውን ዞሩት።

አምቦዎች እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው ስለነበር ሦስት ልጆቻችን ተከታትለው አሸነፉ። የመጨረሻውን እኔ ተጫውቼ ተሸነፍኩ። ማሰለፍ እችላለሁ እንጂ መጫወት እችላለሁ አላልኩም።

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ነን። ዋንጫው ኦቦ ቶለሳ ጭን ላይ ነው። ልያዝልዎት ብዬ እጄን ብዘረጋ "ተው! ለአንደኛቸው የተሰለፍኩት እኔ ነኝ" አሉኝ።

እናንተስ፣ እንድታሸንፉ ብሎ የተሸነፈላችሁ ማን ነው? እስቲ ስሙን ከታች ጻፉልኝ፤ ለኦቦ ቶለሳ አነብላቸዋለሁ።